መስታወት የሚያውቀን ቆመን ነው

በዚያ ምሽት ከገቡት ሁሉ የእሷን ቀሚስ የሚያህል አልነበረም። ጥቁር አረንጓዴ ሳቲን ነው። ከደረት እስከ ጉልበት ልጥፍ ያለ፣ ከጉልበት በታች ዘርፈፍ የሚል። በሩ ላይ ብቅ ስትል ወሬያችንን አቋርጠን አየናት። አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ "ኧረ ይቺስ ጉድ ናት!" አለች። ቅናት አልነበረበትም ብል እዋሻለሁ።

እራት ሲጀመር ሰው ሁሉ ወንበሩን ያዘ። እሷ ዓምዱን ተደግፋ ቀረች። መጀመሪያ ሰው የምትጠብቅ መሰለኝ። ቀጥሎ ስልክ ልታወራ የፈለገች መሰለኝ። ንግግሩ ተጀምሮ አለቀ፣ ሽልማቱ ተሰጠ፣ እሷ እዚያው እንደቆመች ናት። ኋላ መጸዳጃ ቤት ተገናኘን። ጫማዋን አውልቃ ቀዝቃዛው ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። "ደህና ነሽ?" ስላት ሳቅ አለች። "መቀመጥ አልችልም እኮ" አለችኝ። "ከተቀመጥኩ ከኋላ ይተረተራል። መኪና ውስጥ ራሱ ተንጋልዬ ነው የመጣሁት።" ዝግጅቱ ሳያልቅ ሄደች።

ጓደኛዬ ይህን ነገር እያነሳች ስንት ጊዜ ስቃበታለች። እኔን ግን ከነከነኝ። ያቺ ሴት ልብስ መምረጥ አታውቅም ማለት አይቻልም። ቀለሙ ለመልኳ የተሠራ ነው። ልኩ እንከን አይወጣለትም። ሁሉን ነገር በትክክል አድርጋ ምሽቱን ግን አላገኘችውም። ታዲያ የጎደለው ምኑ ጋ ነው? የራሴ ግብዣ እስኪመጣ ድረስ መልስ አላገኘሁለትም።

ካርዱ የማይነግረን

የእኔ የጥሪ ካርድ "ብላክ ታይ" ይላል። እንዲህ ግልጽ አድርጎ የሚነግር ካርድ ሲመጣ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ወንዱ ቱክሲዶውን፣ ጥቁሩን የእራት ኮትና ሱሪ ማለት ነው፣ ከነቢራቢሮ ክራባቱ ይለብሳል፤ ሴቷ ረጅም የምሽት ቀሚስ። ከዚህ የሚከብደው "ዋይት ታይ" ነው፤ ባለ ጭራ ኮት፣ ነጭ ሰደርያ፣ ነጭ ቢራቢሮ። ኮክቴል ከተባለ ጉልበት አካባቢ የሚቀር ቀሚስ ይበቃል፣ ለወንዱም ደህና ሙሉ ልብስ። ራስ ምታት የሚሆኑት "ዝንጥ ብላችሁ ኑ፣ ግን ዘና በሉ" ዓይነቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለው ሲደርሰኝ ጠሪዋ ጋ ደውዬ "አንቺ ራስሽ ምን ልትለብሺ ነው?" እላለሁ። ነውር የለውም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ "ኧረ ደግ አደረግሽ፣ ሁሉም እየደወለ ነው" ነው መልሱ።

ካርዱ የማይነግረን ግን አለ። ስንት ሰዓት እንደምንቀመጥ አይጽፍም። በየዓመቱ ዲሴምበር 10 በስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት የሚደረገውን የኖቤል እራት ውሰዱ። ወንዶቹ ባለ ጭራ ኮት፣ ሴቶቹ የምሽት ቀሚስ፤ የአገር ባህል ልብስም ይፈቀዳል። 1,300 ገደማ እንግዳ ይታደማል። በፎቶና በቴሌቪዥን ደጋግመን የምናየው የክብር እንግዶቹ በደረጃው ሲወርዱ ነው። ቀሚሶቹ የሚወደሱትም የሚታሙትም በዚያች ቅጽበት ነው። ደረጃው ግን በደቂቃዎች ያልቃል። ከዚያ በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተቀመጠ ሰው 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚነሳው።

ስለ ደረጃው የሚያስብ ሞልቷል። ስለ ወንበሩ የሚያስብ ግን እኔ እስካሁን ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ልብስ ሰፊ ናቸው።

"ቁጭ በይ እስቲ"

ለምርጫ ሦስት ቀሚሶች ነበሩኝ። አንደኛው ከላይ እስከ ታች ቅርፊት የመሰለ ብልጭልጭ የተሰፋበት ቀይ። የእህቴ ነው፣ ለምኜ ያመጣሁት። ሁለተኛው ጥቁር ከፋይ። ሦስተኛው ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰማያዊ ክሬፕ፤ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ ሰፋ ያለ፣ ሌላ ምንም ጌጥ የሌለው። ሲያዩት "ይሁን" የሚያሰኝ እንጂ የሚያስጮህ አይደለም። ልቤ ቀዩ ላይ ነበር። ወገቡ ጋ ጠበብ እንዲያደርጉልኝ ብዬ ሦስቱንም ሸክፌ ሄድኩ። ሌሎቹን ለምን እንደያዝኩ እንጃ። ለማሟያ ይሆናል።

ሴትዮዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ብዙ አያወሩም፤ አፋቸው ውስጥ ስፒል ይዘው ስለሚሠሩ ይመስለኛል። ቀዩን ለብሼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ዞር አልኩ። ሆዴን ሳብ አደረግሁ። ጀርባዬን ለማየት አንገቴን ጠመዘዝኩ። እሳቸው ሜትራቸውን ወገቤና ዳሌዬ ላይ አዙረው ለኩና በእግራቸው በርጩማ ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

"ቁጭ በይ እስቲ፣ ልጄ።"

"እንዴ እትዬ፣ ለክተው ጨረሱ?"

"ገና ግማሹን ነው የለካሁት። ቁጭ በይ።"

ተቀመጥኩ። የቀሚሱ ጫፍ ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ ባቴ ላይ ወጣ። ሆዴ ላይ ጨርቁ ሦስት ቦታ ተጣጠፈ። ብልጭልጩ ከሥር ጭኔን ወጋ ወጋ አደረገኝ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ያንኑ ሜትር እዚያው ዳሌዬ ላይ መለሱት። ቅድም ምልክት ካደረጉበት ሦስት ጣት አልፎ ቆመ። ጣታቸውን ምልክቱ ላይ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ።

"ይኼን ነው ያጥብቡልኝ ያልሽኝ?"

መልስ አልነበረኝም። "ተነሺ" አሉ። "አሁን እቀፊኝ።"

"ምን?"

"እቀፊኛ! እዚያ ስትደርሺ ሰው አትስሚም?"

አቀፍኳቸው። ብብቴ ሥር ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተፋተጉ። ከጀርባዬ ደግሞ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ጠብ የምትል። ክር ናት። ሴትዮዋ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ከፋዩን አቀበሉኝ። ከፋዩ ላይ ተቀምጬ ስነሳ ጨርቁ መቀመጫዬ ላይ ተኝቶ የበርጩማው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ቀረ። "ይኼ ቆሞ ለሚውል ነው" አሉ። ሰማያዊውን ለበስኩ። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ጎንበስ ብዬ ከወለሉ ላይ ስፒል አነሳሁላቸው። እንደገና አቀፍኳቸው። ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆን እንዲህ ደስ ይላል እንዴ?

ያኔ ነው ስፒሎቹን ከአፋቸው አውጥተው ረዘም ያለ ነገር የተናገሩት። "ልጄ፣ መስታወት የሚያውቅሽ ቆመሽ ነው። ሰው የሚያይሽ ግን ተቀምጠሽ ነው። ጠረጴዛው ከወገብሽ በታች ያለውን ይውጠዋል። የሚቀርሽ አንገትሽ፣ ትከሻሽ፣ እጅሽ ነው። ገንዘብሽን እዚያ አውጪ።" ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ዞሩ።

የዚያች ሴት ነገር መልስ ያገኘው እዚያ በርጩማ ላይ ነው። ቀሚሱን የመረጠችው ለበሩ ነበር። ለበሩም አገልግሏል፤ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን አይተናል። ከበሩ ወዲህ ላለው ጊዜ ግን ልብስ አልነበራትም። አብዛኞቻችን እንዲሁ ነው የምንመርጠው። የመልበሻ ክፍል ውስጥ ወንበር ቢኖር እንኳ ቦርሳ ነው የምናስቀምጥበት። "አንድ ምሽት ነው፣ ትንፋሼን ይዤ እችለዋለሁ" እንላለን። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለእርሻ ብቻ አይመስለኝም። ትንፋሽ ተይዞ ግፋ ቢል ሰላምታው ያልፍ ይሆናል። ሳቁ ሲመጣ ግን ዚፑ ይፈርዳል።

የቱክሲዶ ነገር

ከዚያ ወዲህ ስለ ምሽት ልብስ ያገኘሁትን ሁሉ የማነበው ወንበሩን እየፈለግሁ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩን አንዴ ካያችሁት ደግሞ የትም አይጠፋችሁም።

በ1856 የብረት ቀለበቶች ያሉት የቀሚስ መወጠሪያ የፈጠራ መብት ወጣለት። ቀድሞ ስድስትና ሰባት የውስጥ ቀሚስ ደራርባ ትሸከም ለነበረች ሴት ዕረፍት ነው። ግን ሳትጠነቀቅ ዘጭ ብላ ከተቀመጠች ቀለበቱ ከፊት ብድግ ይላል። ስለዚህ መቀመጥ ራሱ የሚጠና ትምህርት ሆነ። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ደግሞ መወጠሪያው ወደ ኋላ ሄዶ መቀመጫ ላይ ተከመረ። በዚያ ላይ ማን ይቀመጣል? ወንበር ጫፍ ላይ፣ ያውም ገደድ ብሎ። ሲቀመጡ የሚታጠፍ፣ ሲነሱ መልሶ የሚዘረጋ መወጠሪያ እስከመሥራት ተደርሷል። ልብሱን ከመተው ማሽን መፍጠር የቀለላቸው ሰዎች!

ወንዶቹም አልዳኑም። ባለ ጭራ ኮት የለበሰ ሰው ሲቀመጥ ጭራዎቹን ወደ ጎንና ጎን ካላደረገ ይቀመጥባቸዋል። በ1865 የዌልሱ ልዑል፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የሆነው ማለት ነው፣ ሄንሪ ፑል የተባለውን የለንደን ልብስ ሰፊ ቤት ጭራ የሌለው አጭር ኮት አሰፋ። ለገጠር ቤቱ፣ ከወዳጆቹ ጋር ዘና ብሎ እራት ለሚበላበት። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1886 ገደማ፣ ኒውዮርክ አቅራቢያ ቱክሲዶ ፓርክ የሚባለው ሠፈር ባለጸጎች ይህንኑ ያዙት። ስሙም ከዚያ ቀረ። ዛሬ ከልብስ ሁሉ የከበረ አድርገን የምናየው ቱክሲዶ ሲወለድ የቤት ልብስ ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

የሴቶቹ ረዘም ያለ መንገድ ነው። በ1910 አካባቢ ፈረንሳዊው ዲዛይነር ፖል ፖሬ ሴቶችን ወገብ ከሚያጠብቀው ኮርሴት አውጥቶ ሲያበቃ ቁርጭምጭሚት ጋ የሚጠብ ጉርድ አለበሳቸው። ወገብ ተፈታ፣ እግር ታሰረ። ለእኔ ጀግናዋ ፈረንሳዊቷ ዲዛይነር ማድሌን ቪዮኔ ናት። በ1920ዎቹ ጨርቁን ቀጥ አድርጋ ከመቁረጥ ይልቅ 45 ዲግሪ አዙራ በሰያፍ ቆረጠችው። ጨርቅ በክሩ አቅጣጫ ሲስቡት እምቢ ይላል፤ በሰያፍ ሲስቡት ግን ይለጠጣል። በእጃችሁ ያለ መሐረብ ይዛችሁ ሞክሩት። ሰውነት ላይ የሚተኛ፣ ግን ሲቀመጡ አብሮ የሚቀመጥ ቀሚስ የመጣው ከዚያ ነው። ልብስ ሰፊዋ እንደነገሩኝ ከሆነ አንድ ጣጣ አለው፤ በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይሰቀል ጫፉ አይታጠፍም፣ በራሱ ክብደት ይረዝማልና።

በ1966 ፈረንሳዊው ዲዛይነር ኢቭ ሳን ሎራን ቱክሲዶውን ለሴት አደረገው። ሱሪ የለበሰች ሴት በዚያን ዘመን ከአንዳንድ የታወቁ ምግብ ቤቶች በር ትመለስ ነበር። ዛሬ ጥቁር ሱሪና ደህና ኮት ለብሳ እግሯን አነባብራ የምትቀመጥ ሴት ባየሁ ቁጥር፣ ከአዳራሹ ሁሉ የተመቻት እሷ ትመስለኛለች። በሚቀጥለው ልሞክረው ይሆናል።

ጨርቅና መብራት

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ሁሉም ሰው የሚያምርበትን ያውቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሱቅ መብራት ነጭ ነው፣ የእራት አዳራሽ መብራት ቢጫና ደብዛዛ። በዚህ ሁለተኛው መብራት ጥቁር ጨርቅ አንዳንዴ አመድማ ወይም አረንጓዴማ ይመስላል። ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰማያዊ ግን ከጥቁሩ ይበልጥ ይጠቁራል። የኋላው የዊንድሰር መስፍን፣ የእንግሊዙ ኤድዋርድ ስምንተኛ፣ ገና ልዑል ሳለ በዚህ ቀለም የእራት ኮት ማሰፋቱ የታወቀ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሰማያዊውን ከመረጥኩ በኋላ ስለሆነ ብልህነት አይባልልኝም። ልብሱን ማታ፣ አንድ መብራት ብቻ አብርታችሁ ሞክሩት።

ሌላው ጨርቁ ነው። ሱፍና ክሬፕ ቢጨማደዱም ይመለሳሉ። ተልባ እግር ጨርቅ ከመኪና ሳትወርዱ ያስረጃችኋል። ሳቲን ላይ የውሃ ጠብታም ላብም ይናገራል። ትከሻ አልባ ቀሚስ የምትወድ ካለች ደግሞ ውስጡን ገልብጣ ትይ። ደህና የተሠራ ከሆነ ወገቡ ጋ ከውስጥ የምትቆለፍ ጠንካራ ጥብጣብ አለችው። ቀሚሱን የምትይዘው እሷ ናት፤ ከላይ ያለው ደረት አይደለም። ጥብጣቧ ከሌለች ምሽቱ ሽቅብ ሲስቡ ማምሸት ነው። በየግብዣው በሁለት እጇ ልብሷን ወደ ላይ የምትስብ ሴት አይታችኋል። ልክ የጠበባት ወይም የሰፋት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የዚያች ጥብጣብ ነገር ነው፣ ከፈለጋችሁ ሰፊ በቀላሉ ትጨምርላችኋለች።

ጫማስ? የቀሚሱ ጫፍ ከመታጠፉ በፊት ጫማው ይወሰን፤ ሲለካም እሱኑ አድርጋችሁ ቁሙ። ሌላው የእናንተና የእግራችሁ ጉዳይ ነው።

ጓደኛዬ አልተስማማችም

ያን ቀን ጎሸም ያደረገችኝ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። "አንቺ ልጅ ለወንበር ነው እንዴ የምትለብሺው?" አለችኝ። ክርክሯ ደግሞ ቀላል አይደለም። ምሽቱ ያልፋል፣ ፎቶው ይቀራል ነው የምትለው። ያቺ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ዛሬ ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው ፎቶ አላት። እኔ ካለሁበት ጠረጴዛ የተነሳው ፎቶ ላይ ግን አፌ ሞልቶ፣ ግማሽ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለሁት። "የቱን ትመርጫለሽ?" ስትለኝ ወዲያው አልመለስኩላትም። ፎቶ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴም ከወጣትነቷ የምታሳየን አንድ ቀሚስ የለበሰችበትን ፎቶ ነው፣ ወንበሩ እንዴት እንደነበረ ጠይቀናት አናውቅም።

እኔም የማነበውን ይዤ መጣሁባት። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን የሚያሳፍር የዘፋኝ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወደሞላበት ክፍል ያስገቧቸዋል። ለባሾቹ በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ ቲሸርታቸው ላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚያዩ መሰላቸው። በትክክል ያዩት ግን ሩብ ገደማ ናቸው። "እና?" አለች። እናማ ሰው እኛን የሚያየን እኛ የምናስበውን ግማሽ ያህል ነው አልኳት።

"እንግዲያው እጥፍ አድርጌ መዘነጥ አለብኛ!"

ይህችን አላሰብኳትም ነበር።

እኔ ሰማያዊውን ለብሼ ሄጃለሁ። በር ላይ ማንም ወሬውን አላቋረጠም። ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ጨዋታ አዋቂ ሆኑ፤ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ ወገባችንን ይዘን ስንስቅ አመሸን። ትንፋሽ መያዝ ቢኖርብኝ ግማሹን ጨዋታ አልሰማውም ነበር። ለጓደኛዬ ይህን ነገርኳት። "እሱማ ዕድል ነው፣ ደባሪ ሰው አጠገብ ብትቀመጪስ?" አለችኝ። እሷም ልክ ናት። ደባሪ ሰው አጠገብ ከሆነ ምናልባት ቆሞ ማምሸት ይሻል ይሆናል።

በቅርቡ አብረን የምንሄድበት ሌላ ግብዣ አለ። ገዝታ ጨርሳለች፤ ብርማ፣ ልጥፍ ያለ፣ ጀርባው ክፍት። መስታወት ፊት ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ልካልኛለች፣ እውነቷን ነው ያምርባታል። "ቁጭ ብለሽ ሞክረሽዋል?" ብዬ ጻፍኩላት። "ቆሞ የሚዋልበት ነው ብለውኛል" ብላ መለሰች። ካርዱ እኔም ጋ ደርሷል፤ እራት አለው፣ ንግግር የሚያደርጉት ደግሞ ስድስት ሰዎች ናቸው።